ሁለተኛው አንበሳ

ፀሐዬ የአሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሃርልስደን በሚባለው የለንደን ሰፈር ግን አንድም የአገር ልጅ ሾፌር ብሎ አይጠራውም፤ መምህር ነው የሚሉት። አገር ቤት ሳለ ደብረ ብርሃን ታሪክ ያስተምር ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ሆነና ቀኑን ምርጫ ጣቢያ ዋለ፤ ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ጣቢያ አደረ። ከወራት በኋላ ሲፈታ የማስተማሪያ ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞት ጠበቀው። ቀጥሎ ያለው የብዙዎች ታሪክ ነው፤ ዘመድ ቤት ተሸሸገ፣ ዘመድ ተሯሯጠለት፣ ከዚያ ለንደን።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከበሩ አጠገብ ይቆማል፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ማንም ሳያየው ውልቅ ይላል፤ ሰላም ያለውን ሰው ጫማ ጫማውን እያየ ይመልስለታል። መጋዘን ጠረገ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠፈ። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ አንገቱ ትንሽ ቀና አለ። ደህና አድርጎ ቀና ያለው ግን የሀበሾቹ ማኅበር የቅዳሜ ትምህርት ከፍቶ፣ እዚህ ተወልደው ያደጉትን ልጆች ፊደልና ታሪክ እንዲያስተምር ሲለምነው ነው። ያን ቀን ከረባት አሰረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን ያለ ከረባት አሳልፎ አያውቅም፤ የበጋው ሙቀት ሰውን ሁሉ በካናቴራ ሲያስኬድም እንኳ።

ብረት ፍለጋውን ያስለመደው ኮሊን ነው። ኮሊን የአውቶቡስ ጋራዡ መካኒክ፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረበ፣ ወሬ የማያበዛ እንግሊዛዊ ነው። ዕረፍት ባለው ቀን ከከተማ ወጣ ይልና ባለቤቱ የፈቀደለት የእርሻ ማሳ ላይ ብረት ጠቋሚ ማሽን ይዞ ሲዞር ይውላል። ማሽኑ ረጅም እጀታ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሰሃን የሚያህል ክብ ነገር አለው፤ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ ይጮኻል። ፀሐዬ አንድ ቀን ወግ ለማየት ያህል አብሮት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። የአገር ልጆች ሲሰሙ ሳቁበት። «መምህር ወርቅ ቁፋሮ ገባ» አሉ። እሱ ግን ወርቅ አልነበረም ያማረው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው የጣለውን አዝራር ከጭቃ ሲያወጣ የተቀማው ክፍል የተመለሰለት ይመስለው ነበር።

ታዲያ አንድ የመጋቢት ቀን፣ ማሳው በታረሰ ማግስት፣ ማሽኑ ጮኸ። ፀሐዬ ቆፈረ። የወጣው አረንጓዴ ዝገት የበላው፣ ጠርዙ የተሸራረፈ የመዳብ ሳንቲም ነበር። ጭቃውን በአውራ ጣቱ አበሰው። አንደኛው ፊት ምንም አይታይበትም፤ ዝገት ብቻ። በሌላኛው ፊት ግማሹ ዝገት ሆኖ፣ በተረፈው ግማሽ ላይ አንድ አንበሳ ታየው። ጎፈሩ አለ። እግሩን አንሥቶ ባንዲራ ይዟል። ባንዲራው ላይ መስቀል አለ።

እስቲ ፍረዱ። ባንዲራና መስቀል የያዘ አንበሳ ያየ ሀበሻ ሌላ ምን ይላል? ሃርልስደን ያለ ራስታ ቢያገኘውም ያንኑ ነበር የሚለው።

«የምኒልክ ነው!» ብሎ ጮኸ ፀሐዬ። 

ኮሊን ከማሳው ማዶ መጣና አገላብጦ አየው። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየው። ማጽዳት የሚባል ነገር እንዳይሞክር ነገረው። በሙዚየም ውስጥ ከመሬት የወጣ ነገር የምትመረምር ሴትዮ ስላለች ወስዶ እንዲያሳያትም መከረው። ቀጥሎ ራሱን እያከከ፣ «እንዲህ ያለ አንበሳ የኛም ሰዎች ነበራቸው፤ በህንድ የነገዱት። እኔ እንጃ፣ እርግጠኛ አይደለሁም» አለው።

ይህችን የመጨረሻዋን ፀሐዬ አልሰማትም። ሰምቷታል እንጂ፣ መስማት አልፈለገም። ወደ ሙዚየሟ ሴትዮም አልሄደም። መጀመሪያ ሺፍት ነው አለ፤ ቀጥሎ ዝናብ ነው አለ፤ በኋላማ «የኛን ነገር እነሱ ናቸው እንዴ የሚነግሩን?» ብሎ ተኮፈሰ።

የቀረው ጥያቄ የምኒልክ ሳንቲም እንግሊዝ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነበር። ይህም አላስቸገረውም። በዚያ ዘመን ለእንግሊዝ ንጉሥ ንግሥ ከኢትዮጵያ የመጡ መልእክተኞች ነበሩ፤ ይህ እውነት ነው። እንግዲያው ከአሽከሮቹ አንዱ ገጠር ለማየት ሲወጣ ከኪሱ ጥሎት ይሆናል። ለቅዳሜ ልጆቹ ሲነግራቸው «ይሆናል» የምትለዋ ቃል ተንጠባጠበች። በሁለተኛው ሳምንት አሽከሩ ፈረስ ተጨመረለት፤ በሦስተኛው ፈረሱ ቀለም አወጣ። የሳንቲሙን ፎቶ አሳድጎ አሳትሞ ከሰሌዳው አጠገብ ለጠፈና በዱላ እየጠቆመ አስተማረ፤ «ይህ አንበሳው፣ ይህ ባንዲራው፣ ይህ ዙፋኑ፣ ይኸኛው በኩል ያለው ዝገት ነው።»

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ሐዊ የምትባል፣ ዓይኗ ከስልኳ ተነቅሎ የማያውቅ ልጅ እንኳ ቀና አለች።

«ስለዚህ እኛ እዚህ ነበርን ማለት ነው፣ ሰር? ላይክ፣ ወላጆቻችን ሳይመጡ፣ ቢፎር ኤኒዋን?»

«ነበርን» አላት ፀሐዬ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ወሬው ከልጆቹ ወደ ወላጆቹ፣ ከወላጆቹ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ደረጄ ደረሰ። ደረጄ ንግግር የሚያደርግበት ምክንያት ሲገኝ የማይለቅ ሰው ነው። ወዲያው «የቅርስ ቀን» የሚባል በዓል ፈጠረ፣ አዳራሽ ቡክ አደረገ፣ ሳንቲሙ በመስታወት ሣጥን ሆኖ ሕዝብ ፊት እንዲገለጥ ወሰነ። ለሣጥኑ የቀይ ከፋይ መደገፊያ እንዲሰፉ የታዘዙት እማማ እታለማሁ ናቸው።

እማማ እታለማሁ ሰባ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ካምደን ነርስ ሆና ከምትሠራ ከእህታቸው ልጅ ከብፅዓት ጋር አንድ የካውንስል ፍላት፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እጃቸው ሙያ ነው። በተለይ አንድ ሥራ የሳቸው ብቻ ነበር፤ ከመቅደስ ውጭ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ነሐስ ሁሉ፣ መቅረዙም ደወሉም ጸናጽሉም፣ በዓል በመጣ ቁጥር እሳቸው ቤት ሄዶ ወርቅ መስሎ ይመለሳል። ሎሚ፣ ጨውና የተነፋ አመድ ነው ምስጢሩ። አመዱን ከታች ቤት ያለ ጃማይካዊ ዶሮ ከሚጠብስበት በርሜል ይለምኑታል። «ሌላ ነገር አልችልም፣ ነሐስ ግን ያውቀኛል» ይሉ ነበር።

ፀሐዬ ሳንቲሙን ለልክ ብሎ ረቡዕ ዕለት አመጣላቸው። ሺፍት ስለነበረበት «ቅዳሜ ከነሣጥኑ ያመጡልኛል» ብሎ ትቶት ሮጠ። እንዳያጸዱት አልነገራቸውም። ለልጆቹ አሥሬ ነግሯቸዋል፤ ነሐስ በማጽዳት የታወቁትን ሴት ማስጠንቀቅ ግን ትዝ አላለውም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ደረጄ የሚናገረውን ተናገረ፣ ከዚያም የተናገረውን ደገመ። ልጆቹ ዘመሩ። ፀሐዬ ከረባቱን አስተካክሎ መድረኩ ላይ ወጣ። እማማ እታለማሁ በነጠላ የተሸፈነውን ሣጥን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ሰጡት። ጣቶቻቸው ተልጠው ነበር፤ እሱ አላየም። ነጠላውን ገለጠ።

ቀዩ ከፋይ ላይ ሙልጭ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ክብ መዳብ ተቀምጧል። አንበሳ የለም። ባንዲራ የለም። ምንም የለም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ፀሐዬ፣ ድምፅ ማጉያው አፉ ላይ እንዳለ።

«አጥቤው ነው፣ ልጄ። ሎሚው በላው መሰለኝ» አሉ እማማ እታለማሁ።

«በሎሚ? የመቶ ዓመት ታሪክ በሎሚ?» ድምፁን ከፍ አደረገ። «ማን እጠቢ አለሽ! ድስት መሰለሽ እንዴ?»

«አንቺ» ብሏቸዋል። እናቱ የሚሆኑትን ሴት፣ ያውም በድምፅ ማጉያ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰምቶታል፤ ንዴቱ ግን መመለሻ አልሰጠውም። «እንዲህ ነው የምንጠፋው! ጠላት አይደለም ያጠፋን፣ ድንቁርና ነው!» ብሎ ጨመረበት።

እማማ እታለማሁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ አሮጊት ምን አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ» አሉና ወደ ኋላ ወንበር ሄደው ተቀመጡ።

የዚያን ቀን ፀሐዬን ያላቀፈው ሰው የለም። ልጁ እንደሞተበት አስተዛዘኑት። ጥግ ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ ግን እያዩ የሚያልፉ እንጂ አጠገባቸው የሚቀመጥ አልተገኘም። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ተንሾካሾኩና፣ የደብሩ ዓመታዊ በዓል እየደረሰ ስለሆነ ነሐሱ ዘንድሮ ከመካከላቸው ወደ አንዷ፣ ወደ አልታየሽ ይሂድ አሉ። አልታየሽ በሱቅ ፈሳሽ ነው የምታጸዳው። ማንም ለእማማ እታለማሁ በአፍ አልነገራቸውም፤ እቃውን ሊያመጣላቸው የመጣ ሰው በመጥፋቱ ብቻ አወቁት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት ፀሐዬ አውቶቡሱን እየነዳ ሳለ ብፅዓት ተሳፈረች። የነርስ ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባለች። ሰላም አላለችውም። መውረጃዋ ሲደርስ አልወረደችም፤ እየዞረ ባያት ቁጥር ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ መጥታ ከሾፌሩ መስታወት ፊት ቆመች።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ እርስዎ አክስቴን አንቺ አሏት። እኔ እንኳ አሁን እንዲህ ነድጄ እርስዎ እያልኩዎት ነው» አለችው።

«ብፅዓት፣ ተናድጄ ነው። ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ግን ያ ሳንቲም ምን እንደነበር ብታውቂ...»

«ምን እንደነበርማ አውቃለሁ። የማያውቁት እርስዎ ነዎት።» ስልኳን አወጣች። «ረቡዕ ከሥራ ስገባ ኩሽና ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሰው ፊት ቆሽሾ እንዳይቀርብ ብላ ሎሚ ውስጥ አድርጋዋለች፣ ዝገቱ ሲለቅ ሌላ አንበሳ ወጣ። ፈረንጅ ፊደልም ወጣ። አንብቢልኝ አለችኝ፣ አነበብኩላት። ኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ ይላል። ጎግል አደረግኩት፣ ወዲያው መጣ። እንግሊዞቹ ህንድን የገዙበት ኩባንያ ነው ያሠራው።»

ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጠፈችለት። ሁለት አንበሶች ቆመዋል፤ መካከላቸው ጋሻ። ሁለቱም ባንዲራ ይዘዋል፣ በሁለቱም ባንዲራ ላይ መስቀል አለ።

«ታዲያ ያ... ሙልጭ ያለው...» አላት።

«በረንዳ ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ፈገፈገችው። ሲሚንቶው አልበቃ ሲላት በድስት ሽቦ። ጣቷ እስኪላጥ ድረስ። ተይ፣ ደውለሽ ንገሪው አልኳት። ‹ሰው ተጠርቶ፣ አዳራሹ ተይዞ፣ አሁን ሕዝብ ፊት አላዋርደውም፤ አሮጊቷ አጠፋችው ቢሉ እኔን ምን ይለኛል› አለች። እንዳልናገርም አስማለችኝ። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።» ስልኳን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ምን እንደሚላት ግን አየሁ። ነሐሱን እንኳ ወሰዱባት።»

ወረደች። ፀሐዬ መመለሻ ሰዓቱ አልፎ፣ የሚጠብቁት ተሳፋሪዎች በሩን ሲያንኳኩ ነው የነቃው።

ቤቱ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተና ከመታጠቡ በፊት ያነሣውን ፎቶ አሳድጎ አየ። ወራት ሙሉ ያየው ፎቶ ነው። አሁን ግን ሌላ ሆነበት። ለልጆቹ ዙፋን ነው ያላቸው ጋሻ ነበር። ዝገት ነው ያላቸው የሁለተኛው አንበሳ ጎፈር ነበር፤ ከሥሩ የኋላ እግሩ ሳይቀር ይታያል። አንድ አፍታ ብቻ ፈቅዶ ቢያይ ኖሮ ያየው ነበር። ኮሊን የነገረውን አስታወሰ። ያልሄደባትን ሙዚየም አስታወሰ። የፈረሱን ቀለም ሲያስታውስ ብቻውን ሆኖ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ብፅዓት ስትነግረው መጀመሪያ የተሰማው ሐፍረት አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ሳንቲሙ ተፈግፍጓል፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብሎ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል ብሎታል። በዚህ ሐሳብ ራሱን ሲይዘው ከራሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አስጠላው።

በነጋታው እማማ እታለማሁ ቤት ሄደ። በሩን ሲከፍቱለት ጉልበታቸውን ለመሳም አጎነበሰ፤ ትከሻውን ይዘው አስቆሙትና አስገቡት። ብፅዓት መናገሯን ከፊቱ አነበቡ።

«ይህቺ ልጅ አፏ አያርፍም» አሉ ብቻ።

«እማማ፣ እርስዎን ያልኩት ሁሉ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ቅዳሜ ሰው ፊት እናገራለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እውነቱን።»

ሻይ ቀዱለት፤ የተላጡት ጣቶቻቸው ላይ ፕላስተር አለ። «ስማ ልጄ። አንተ ከእስር ወጥተህ ስትመጣ በር ሥር ነበር የምትቆመው። እኔ ከሴቶቹ በኩል አይህ ነበር፤ አንገትህ ተሰብሮ። ልጆቹን ማስተማር ከጀመርክ ወዲህ ነው ሰው የሆንከው። ልጆቹስ? እዚህ ነበርን ብለው ደረታቸውን ነፍተው እየዞሩ፣ መምህራችን ቀጣፊ ነው ይበሉ? እኔ ነገ ሟች ነኝ። አሮጊት እቃ አበላሸች፣ ይረሳል። አንተ እንዳትናገር። ከተናገርክ እኔ በከንቱ ነው የተሰደብኩት።»

ፀሐዬ ይከራከራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ፣ እሱም ራሱን እንዲያ ነበር የጠበቀው። ሻዩን ጠጣ። «እሺ» አለ። ደረጃውን ሲወርድ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ ራሱ ግን አላመነውም። ቅዳሜ አስተማረ። ፎቶውን ከሰሌዳው አጠገብ ነቀለና ልጆቹ ሲጠይቁት ሌላ ርእስ ጀመርን አላቸው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ሰዎች «አይዞህ መምህር» ባሉት ቁጥር የሰው ኪስ ውስጥ እጁ የተያዘ ያህል ይሸማቀቃል፤ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ከዚህ በላይ ሐፍረት ያለ አልመሰለውም ነበር።

የደብሩ በዓል ሲቃረብ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ምሳ ሊበላ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ ደረጄ ተነሥቶ የሥራ ድልድሉን አሰማ። ድንኳኑ የእገሌ፣ ውሃው የእገሌ። ነሐሱ ጋ ሲደርስ ሳቅ አለና፣ «ነሐሱ ዘንድሮ የአልታየሽ ነው፤ መቅረዛችን በሎሚ እንዳይበላብን» አለ። ሰው ሳቀ። እማማ እታለማሁ ሰሃናቸው ላይ አቀርቅረው ቀሩ። ሹካቸውን አስቀመጡ፣ እንደገና አነሡ፣ ምንም ሳይወጉበት መልሰው አስቀመጡት።

ፀሐዬ ተነሥቶ ሲቆም ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«ሳንቲሙ የኛ አልነበረም» አለ። ሳቁ ቆመ። «የምኒልክ አይደለም። እንግሊዞች ለህንድ ያሠሩት ነው። እማማ ሲያጥቡት ሁለተኛ አንበሳ ወጣ፣ እሳቸው አዩ። እኔ እንዳላፍር ብለው ነው በገዛ እጃቸው ፈግፍገው ያጠፉት። አላዋቂው እኔ ነኝ። የጮህኩት ለኔ ብለው እጃቸውን በላጡ ሴት ላይ ነው።»

ፀሐዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከፈተና ለደረጄ ሰጠው። «ይኸው እዩት። በቀኝ በኩል ሁለተኛው አንበሳ አለ።»

ደረጄ ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው፣ ለጎረቤቱ አሳየው። «የቱ ጋ? ይኼ እኮ ዝገት ነው፣ መምህር። ዝገት ነው ያልከን አንተው ራስህ ነህ።»

«ተሳስቼ ነው!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ዝገት ነው» አሉ። «ይኼማ ዙፋኑ ነው» አሉ። መልካም መምህር ነበርና፣ ያስተማራቸውን አልረሱም። የሚመሰክርለት ሰው ብፅዓት ብቻ ነበረች፤ እሷ ሺፍት ላይ ናት። አልታየሽ ወደ ኋላ ዞረችና፣ «እማማ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለች።

ሁሉም ዞሮ እማማ እታለማሁን አየ። እሳቸው ግን ያዩት ፀሐዬን ነው፤ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ነበር።

«ተው ልጄ» አሉ። «ለአንዲት አሮጊት ብለህ ራስህን እንዲህ አታዋርድ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ወይኔ፣ መምህርዬ!» አለች አንዲት ሴት። ሌላዋ እንባዋን ጠረገች። ፀሐዬ «አይደለም! ስሙኝ እንጂ! እየዋሹ ያሉት እሳቸው ናቸው!» ብሎ ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር ሰዉ ይባስ አንጀቱ ተላወሰ። ደረጄ ሁለት እጁን አነሣ።

«ወገኖቼ! ይቅር ማለት ስንት ዓይነት ነው? ይህ ሰው ይቅር ከማለት አልፎ ጥፋታቸውን በራሱ ላይ አደረገው! ከእንግዲህማ ነሐሱ ለእማማ ይመለስ። እማማ፣ ይምጡ፣ መምህርን ይቅርታ ይበሉትና ነገሩ ይለቅ።»

ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ደግፈው አመጧቸው። ፀሐዬ እጁን ዘርግቶ ሊከለክል ሞከረ፤ አንዱ «ተው ያድርጉት፣ ይውጣላቸው» ብሎ እጁን ያዘው። እማማ እታለማሁ ነጠላቸውን አሰባስበው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቀስ እያሉ ወረዱና ጫማው ድረስ አጎነበሱ። «ይቅር በለኝ» አሉት፣ ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርገው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ፀሐዬ እጁን አስለቅቆ እሱም ፊታቸው ወደቀ። «እርስዎ ይማሩኝ፣ እማማ፣ እርስዎ ይማሩኝ» እያለ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። ድምፁን ከሳቸው በቀር የሰማው የለም። ጭብጨባው ባሰ።

«ትሕትናውን እዩልኝ» አለ ደረጄ።